ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ ሐርላ ተራራ
የመንገድ መሪው በታሪክ ያለው ስፍራ

ጅቡቲ ከተማ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከሚገኙት ወደቦች መካከል በዕድሜ ታናሽ ናት። ፈረንሳዊው ገዥ ሌዎንስ ላጋርድ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የቆረቆራት በ1888 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቅኝ ግዛቱ መቀመጫም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከኦቦክ ወደ እርሷ ተዛወረ። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚህም የተነሣ የጅቡቲም ሆነ የድሬዳዋ ተማሪ ስለ ከተማው ታሪክ ሲጠየቅ ነገሩን ከላጋርድ ወይም ከባቡሩ መጀመሩ የተለመደ ሆኖአል። ባቡሩ ከተሞችን ስለ ወለደ ከባቡሩ በፊት በዚያ ምድር አንዳች ከተማ ያልነበረ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ከተማዋ አዲስ ብትሆንም የምታገለግለው መንገድ ጥንታዊ ነው። ከዚህ ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ወደ ሐረር ተራሮች የሚወጣው ጎዳና ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቅፍለት መንገድ ነበረ፤ በግራና በቀኙም የፈረሱ ከተሞች ድንጋይ ተከምሮ ይገኛል። እነዚህን ፍርስራሾች በመጽሐፍ የጻፉአቸው ተጓዦች ስም ይታወቃል። ወደ ፍርስራሾቹ እጃቸውን ይዘው ያደረሱአቸው የሀገሩ ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው ተረስቶአል። ታሪክ አስተማሪ ሊመለከተው የሚገባ ትልቅ ነገር በዚህ ውስጥ አለ።

ከሐዲዱ በፊት

ጅቡቲ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የዚህ ጠረፍ ታላቅ ወደብ ከእርሷ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ዘይላ ነበረች። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባጡታ በ14ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ዘይላን ጎብኝቶ፥ ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን ከመሰከረ በኋላ፥ በዓሣው ብዛትና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ምክንያት ሽታዋ ስለ ከበደው ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማደርን እንደ መረጠ ጽፎአል። የይፋትና የአዳል ሡልጣኖች ሀብትና ኃይል በብዙው የተመሠረተው ከዚህች ወደብ ወደ ደጋው በሚወጣው ንግድ ላይ ነበር። ከደጋው ቡና፥ ቆዳና የዝሆን ጥርስ፥ በሚያሳዝን ሁኔታም በባርነት የተያዙ ሰዎች ይወርዱ ነበር፤ ከባሕሩ ጨርቅ፥ ዶቃና ብረታ ብረት ይወጣ ነበር። በሰሜኑ በኩል ደግሞ ከአሳል ሐይቅ የሚወጣውን ጨው የአፋር ግመሎች ወደ ደጋው ያጓጉዙት ነበር።

ጅቡቲ ከተቆረቆረች በኋላ የዘይላ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ እርሷ ዞረ። ቅፍለቱ የኢሳን በረሃ አቋርጦ በተራራው ግርጌ ወዳለችው ወደ ጄልዴሳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀበት ግመል ስለማይችለው ጭነቱ ለበቅሎና ለአህያ ይተላለፍና ወደ ሐረር ይወጣል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ለመድረስ በፈረስ 20 ቀን እንደ ፈጀበት ለቤተ ሰቡ ጽፎአል። ከ6 ዓመት በኋላ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ በአፋር በረሃ ሲጓዝ ግን ኦክቶበር 1886 የተነሣው ቅፍለት አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነበር። ሐዲዱ ሐረርን ሳይነካ ድሬዳዋ ላይ በደረሰ ጊዜ ጄልዴሳ የቅፍለት መናኸሪያነቷን አጣች፤ የመንገድ መሪዎቹም ሥራ አብሮ ደከመ።

አባን የሚባለው ሰው

በዚህ ጎዳና እንግዳ ሰው ብቻውን አይጓዝም ነበር። ሶማሌዎች አባን ብለው የሚጠሩት ሰው እንግዳውን ተቀብሎ፥ ግመልና ግመል ነጂ ፈልጎ፥ የውሃውን ጉድጓድ አሳይቶ፥ በየጎሣው ወሰን አስተርጓሚና አስታራቂ ሆኖ እስከ ሀገሩ ዳርቻ ያደርሰዋል። ዕቃው ሲሸጥና ሲገዛ ደላላው እርሱ ነው፤ ስለዚህም ከዋጋው ድርሻ አለው። በእርሱ ጥበቃ ሥር ያለ እንግዳ ቢዘረፍ ወይም ቢገደል ጥቃቱ እንደ ራሱና እንደ ወገኑ ጥቃት ይቆጠራል፤ ካሣውን ወይም በቀሉን የሚጠይቀውም እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ይህን ሥርዓት ተመልክቶ የመተላለፊያ ቀረጥ ጥንታዊ መልክ አድርጎ ገምቶታል። ነገር ግን የቀረጥ ሹም ገንዘቡን ተቀብሎ በኬላው ይቀመጣል፤ አባን ከእንግዳው ጋር አብሮ ይሄዳል፥ አብሮ ይጠማል፥ አብሮም ይሞታል።

የአባን ዕውቀት የውሃና የግጦሽ ዕውቀት ብቻ አልነበረም። አንድ መሬት የማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ማን በዚያ እንደ ተቀበረ፥ ማንስ ከዚያ እንደ ተፈናቀለ፥ የድንጋዩ ክምር የማን ቤት እንደ ነበረ ማወቅ ነበረበት። መንገዱን የሚያስተላልፈው ይህ ዕውቀት ነውና ለእርሱ ታሪክ የዕለት እንጀራው ነበር።

የበርተን ጉዞና የገዳቡርሲዎች ቆጠራ

በርተን ኖቬምበር 27 ቀን 1854 ከዘይላ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ሐረር በዚያን ጊዜ ለአውሮፓውያን የተዘጋች ከተማ ነበረች። የዘይላው ገዥ ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ የሚመሩትን ሰዎች አሰናዳለት፤ ከእነርሱም መካከል ራጌ የሚባል የኢሳ ሰው አባን ሆነለት። ጉዞው ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶ ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ፤ በአሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር ከተማ 10 ቀን ከቆየ በኋላም በበርበራ በኩል ተመለሰ።

በጉዞው አጋማሽ፥ ቆላው አልቆ ከፍተኛው አገር በሚጀምርበት ስፍራ፥ የሀገሩ ሰዎች ዳርቢያ ኮላ የሚባለውን ፍርስራሽ አሳዩት። ታሪኩንም እንዲህ አወሩለት። ምሽጉ በአንዲት የኦሮሞ ንግሥት ስም የተጠራ ነበር፤ ይህች ከተማና ጎረቤቷ አውቡባ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ኖረው ሁለቱም ጠፉ። ይህ መቼ ሆነ ተብለው ሲጠየቁ ገዳቡርሲዎች የዘመን ቁጥር አልሰጡም፤ አባቶቻችን ገና በባሕሩ ዳር በቡልሐር ሳሉ ነው አሉ። በርተንም ይህን አስልቶ 300 ዓመት ገደማ አደረገው።

ይህ ስሌት ወደ 16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያደርሳል። ያ ዘመን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 ከሞቱ በኋላ የአዳል ኃይል የተፈታበት፥ የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሐረር ምድር የተስፋፋበት፥ አሚር ኑር ሐረርን በግንብ ያጠረበት ዘመን ነው። በርተን ካለፈ ከ80 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሹም የነበረው ኩርል በዚያው በጠረፍና በደጋ መካከል ባለው አገር የሚገኙትን የፈረሱ ከተሞች መርምሮ በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ከተሞቹን በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት መደባቸው። ጽሕፈት የሌለው እረኛ በአባቶቹ መስፈሪያ የቆጠረው ዘመንና የሸክላ ስባሪ የመረመረ ሊቅ የደረሰበት ዘመን ተቀራረቡ።

በሌላው ዓለም የሆነው

ይህ ነገር የአፍሪካ ቀንድ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ተራሮች ላይ ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ዓመት የሠሩት ማቹ ፒቹ በዓለም ከታወቁት ፍርስራሾች አንዱ ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሂራም ቢንጋም ጁላይ 24 ቀን 1911 አገኘው ተብሎ ተጻፈ። ነገር ግን ወንዙን አሻግሮ አቀበቱን ያወጣው ሜልቾር አርቴያጋ የሚባል የዚያው አገር ገበሬ ነበር። ከላይ በደረሰ ጊዜም በጥንቱ እርከን ላይ የሚያርሱ ቤተ ሰቦችን አገኘ፤ ፍርስራሹንም አንድ ትንሽ ልጅ እየመራ አሳየው። ዛሬ በኢንካዎች የድንጋይ መንገድ 43 ኪሎ ሜትር ያህል በ4 ቀን በእግር የሚጓዘው ጎብኚ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን መተላለፊያ ይሻገራል። ከ2001 ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረትም ያለ ፈቃድና ያለ መሪ መጓዝ አይችልም። ፔሩ መንገዱን ለመጠበቅ መሪውን በሕግ ተከለች፤ በአፍሪካ ቀንድ ግን ሐዲዱ ሲመጣ አባን ከነዕውቀቱ ከመንገዱ ወጣ።

ሐርላ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው ተራራ ላይ ሐርላ የሚባል መንደር አለ። በሐረርጌ የሚኖሩ ሕዝቦች የትልልቅ ድንጋይ ፍርስራሽ ባዩ ቁጥር የሐርላ ሥራ ነው ይላሉ። ሐርላዎች ግዙፋን ሰዎች እንደ ነበሩ፥ እጅግ ባለጠጎች ሆነው እንደ ጠፉም ይተርካሉ። ገበሬዎች ሲያርሱ የጥንት ገንዘብና ዶቃ ያገኙ ነበር፤ የተጠረበውንም ድንጋይ ለቤታቸው ሥራ ይወስዱት ነበር። ካፑቺን መነኩሴው አባ አዛይስ ከጓደኛው ከሻምባር ጋር በ1920ዎቹ ዓመታት በሐረርጌ ተዘዋውሮ ጥንታውያን ሥራዎችን ከመረመረ በኋላ በ1931 በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ የሐርላን ነገር ለሊቃውንት አስታወቁ።

መሬቱ በሚገባ የተቆፈረው ግን ከ2015 ጀምሮ ነው። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ባደረጉት ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፥ መቃብር፥ የጌጣ ጌጥ መሥሪያ ቤትና የግብፅ ገንዘብ ተገኘ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የቻይና ሸክላ፥ ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጣ ዛጎል፥ ብዙ የብርጭቆ ዶቃም ወጣ። የሟቾቹ አጥንት ሲለካ ግዙፋን አለመሆናቸው ታወቀ። ተረቱ በቁመታቸው ተሳስቶአል፤ በሀብታቸው ግን አልተሳሳተም። በቻይና የተሠራ ሳሕን እስከዚህ ተራራ የደረሰው በባሕሩ ዳር ከመርከብ ወርዶ፥ በግመል በረሃውን አቋርጦ፥ የውሃውን ጉድጓድ በሚያውቅ ሰው እየተመራ ነው። ላጋርድ ከመወለዱ ከ600 ዓመት በፊት መንገዱ ሥራ ላይ ነበረ።

ከጅቡቲ ከተማ ወደ አቡርማ

የጅቡቲም ሪፑብሊክ ራሷ በዚህ ቅርስ ድኃ አይደለችም። በደቡብ ምዕራብ በዲኪል አጠገብ የሃንዶጋ የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽ ይገኛል። በሰሜን ደግሞ በታጁራ አውራጃ ተራሮች መካከል አቡርማ በሚባለው ስፍራ የጥንት ሰዎች በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቀጭኔ፥ ሰጎን፥ የዱር እንስሳና የቀንድ ከብት ቀርጸው ትተዋል። ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በታጁራ በኩል ወደ ተራራው ይወጣና የመኪናው መንገድ በሚያልቅበት ስፍራ በአፋር መሪ እየተመራ በእግሩ ይጓዛል። ዛሬ ቀጭኔ በዚያ በረሃ የለም፤ ሥዕሉ ግን ያ ምድር አንድ ጊዜ ሣርና ዛፍ የሞላበት እንደ ነበረ ይናገራል። ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ለተማሪ የሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም። የሥፍራውን ዝምድና፥ የውሃውንም ጉድጓድ ስም የሚናገረው ግን መሪው ብቻ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

ከ2016 ወዲህ በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚጓዝ ሰው ራምቦ 20 ቀን የፈጀበትን የመሰለ በረሃ በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ቅፍለቱ ይመለስ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን በመስኮት የሚታየው ድንጋይ ስሙን አይናገርም። አባን በሥራው ላይ ሳለ ዕውቀቱን ለልጁ የሚያስተላልፈው እንጀራው ስለ ሆነ ነበር፤ ሥራው ከቀረ ወዲህ የሚያስተላልፍበት ምክንያት ጠፍቶአል። ይህን ምክንያት ሊተካ የሚችል አንድ ተቋም ቢኖር ትምህርት ቤት ነው።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በድሬዳዋ፥ በጄልዴሳ፥ በዲኪል ወይም በታጁራ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የየጉድጓዱን፥ የየኬላውንና የየፍርስራሹን ስም ሊያስጽፍ ይችላል። ሲያስጽፍም የነጋሪው ስም፥ ወገንና የተነገረበት ቀን በገጹ ራስ ላይ ይስፈር፤ በርተን የገዳቡርሲዎችን ቆጠራ ጽፎ የቆጠሩትን ሰዎች ስም እንደ ተወው አይሁን። የተለያዩ ነጋሪዎች ቃል ሲለያይ ልዩነቱ እንዳለ ይጻፍ፤ የትኛው እንደሚቀና ኋላ የሚመጣ መርማሪ ይፈርደዋል። ተማሪውም ከፍርስራሹ ድንጋይ ማንሣትና ዶቃ መሸጥ ከመጽሐፍ ገጽ መቅደድ እንደማይለይ ከትንሽነቱ ይማር።

ተቆፍሮ የወጣ ሸክላ በሙዚየም ሣጥን ውስጥ ለብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል። የሽማግሌ ቃል ግን ካልተጻፈ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ የጅቡቲና የድሬዳዋ ልጅ ስለ ከተማው ሲጠየቅ ከሐዲዱ አልፎ ወደ ሐርላ፥ ከሐርላም መንገዱን ወዳሳየው ሰው መድረስ እንዲችል ማድረግ በዚህ ጎዳና ዳር የሚያስተምር የእያንዳንዱ መምህር ሥራ ነው።