ከ35 ዓመት በኋላ ማርገዝ፦ የጽንስ የዘር ምርመራ ላድርግ ወይስ ልተው?

አንዲት የ41 ዓመት እናት እናስብ። ነዋሪነቷ አሶሳ ነው፤ አምስት ልጆች አሏት፤ ስድስተኛውን ካረገዘች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። ለክትትል በሄደችበት ጊዜ አዋላጇ «ዕድሜሽ ገፋ ብሏል፤ ከፈለግሽ አዲስ አበባ ሄደሽ የጽንሱን ዘር የሚያሳይ የደም ምርመራ ማድረግ ትችያለሽ» አለቻት። ቤት ስትገባ ባለቤቷ «አላህ የሰጠንን እንቀበላለን፤ ምን ያስኬድሻል?» አላት። እህቷ ደግሞ «ማወቁ ምን ይጎዳል?» አለች።

ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ቀደርን መቀበል የኢማን ክፍል ነው። ሰበብ ማድረስም እንዲሁ፤ ግመሉን አስሮ በአላህ የሚመካ ሰው ተወኩሉ አልጎደለም። ውሳኔው የእናትና የአባት ነው። በደንብ ለመወሰን ግን ምርመራው ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር፣ መቼ እንደሚደረግ፣ ዑለማዎችና የአገሪቱ ሕግም ምን እንደሚሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዕድሜ ምን ይለውጣል?

የሰው ልጅ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። የሴት እንቁላል ከእሷው ጋር ዕድሜ ስለሚቆጥር፣ ዓመታት ሲጨምሩ ክሮሞዞሞች በትክክል ሳይከፈሉ የመቅረት ዕድላቸው ይጨምራል። በጣም የታወቀው ውጤት 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሆኖ ሲገኝ የሚከሰተው ዳውን ሲንድረም ነው። 18ኛው ወይም 13ኛው ሦስት ሲሆን ደግሞ ችግሩ እጅግ የከፋ ነው፤ አብዛኞቹ ጽንሶች ሳይወለዱ፣ ከተወለዱትም አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት ያልፋሉ።

በዳውን ሲንድረም የሚወለድ ልጅ የመኖሩ ዕድል እንደ እናት ዕድሜ በግምት ይህን ይመስላል፦

• በ20 ዓመት፦ ከ1,500 ልጆች አንድ
• በ30 ዓመት፦ ከ900 ልጆች አንድ
• በ35 ዓመት፦ ከ350 ልጆች አንድ
• በ40 ዓመት፦ ከ100 ልጆች አንድ
• በ45 ዓመት፦ ከ30 ልጆች አንድ

ቁጥሩን ከሁለቱም ጎን ማንበብ ይገባል። በ40 ዓመቷ የምታረግዝ እናት ዕድሏ ከ20 ዓመቷ ወጣት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ከ100 የ40 ዓመት እናቶች 99ኙ ዳውን ሲንድረም የሌለበት ልጅ ይወልዳሉ። በተጨማሪም ይህ በዕድሜ የሚመጣ ለውጥ እናቲቱ በሠራችው ጥፋት፣ በቡዳ ወይም በእርግማን የሚመጣ አይደለም። «ካንቺ ነው የመጣው» ብሎ እናትን መውቀስ በእውቀትም በዲንም መሠረት የለውም።

በእኛ ክልል ዘግይቶ መውለድ

በውጭ አገር ስለ «ዘግይቶ መውለድ» ሲጻፍ በአብዛኛው የሚታሰበው ትምህርትና ሥራ ጨርሳ በ38 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን የምታረግዝ ሴት ናት። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ግን በብዛት የምናገኘው ቀድማ ጀምራ ዘግይታ የምትጨርስ እናት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልሉ አንዲት ሴት በአማካይ 4.4 ልጆች እንደምትወልድ አሳይቷል። ስለዚህ ለአምስተኛ ወይም ለስድስተኛ ጊዜ በ40 ዓመት ማርገዝ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። «አምስቱን በሰላም ወልጃለሁ» የሚለው መተማመን ግን ከክሮሞዞም ችግር አይከላከልም፤ የሚቆጠረው ዕድሜ እንጂ የልጆች ብዛት አይደለምና።

ምርመራዎቹ የትኞቹ ናቸው?

ምርመራዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ «ዕድሉ ከፍተኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ?» ብለው የሚለዩ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ «አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ያረጋግጣሉ። ብዙ ጭንቀትና ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

1. የእናት ደም ምርመራ (ኤንአይፒቲ)። ከጽንሱ ወገን የሚመጡ ትናንሽ የዘረ-መል ቁርጥራጮች በእናት ደም ውስጥ ይዘዋወራሉ። ይህን የሆንግ ኮንጉ ሐኪም ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕሙማን አገልግሎት ላይ ዋለ። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናት ክንድ ደም በመውሰድ ብቻ ይሠራል፤ ጽንሱን አይነካም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ጽንሶች 99 ያህሉን ይለያል። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም።

2. ከ11ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ የሚደረግ አልትራሳውንድ። ባለሙያው በጽንሱ ማጅራት ስር ያለውን ፈሳሽ ውፍረት ይለካል። ከደም ምርመራ ጋር ሲጣመር ከ100 የዳውን ሲንድረም ጽንሶች ከ85 እስከ 90 የሚሆኑትን ይጠቁማል። የሠለጠነ እጅና ጥሩ መሣሪያ ይጠይቃል።

3. የእንሽርት ውሃ ምርመራ (አምኒዮሴንቴሲስ)። ከ15ኛው ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ከሆድ ጥቂት ውሃ ይወሰዳል። ይህ አረጋጋጭ ነው። በሠለጠነ ባለሙያ ሲሠራ ከ1,000 እናቶች ከአንድ እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ውርጃ ሊያስከትል ይችላል። ከመርፌው በፊት የደም ዓይነትና የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ምርመራ መታየት አለበት፤ ደሟ ኔጌቲቭ የሆነች እናት መከላከያ መርፌ ያስፈልጋታል።

4. ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት የሚደረግ አልትራሳውንድ። የጽንሱን ጭንቅላት፣ አከርካሪ፣ ልብ፣ ኩላሊትና እጅና እግር ያያል። በአገራችን በብዛት የሚታየው የአከርካሪና የጭንቅላት አለመዘጋት ችግር የሚታወቀው በዚህ እንጂ በኤንአይፒቲ አይደለም።

ውጤቱን እንዴት እናንብበው?

በግምት 10,000 የ40 ዓመት እናቶች ኤንአይፒቲ አደረጉ እንበል። 100 ያህሉ ጽንስ ዳውን ሲንድረም አለበት፤ ምርመራው 99ኙን ያገኛል። ከቀሩት 9,900 ደግሞ አሥር ያህሉን በስህተት «አለበት» ሊል ይችላል። ስለዚህ «አለበት» ከተባሉት 109 እናቶች አሥሩ ጤናማ ጽንስ ተሸክመዋል ማለት ነው። ለ25 ዓመት ወጣቶች ስሌቱ ይገለበጣል፤ ችግሩ ራሱ ብርቅ ስለሆነ «አለበት» ከተባሉት ግማሽ ያህሉ ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። በደም ምርመራ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ጽንሱ የማይመለስ ውሳኔ መወሰን ከባድ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

«የለበትም» የሚል ውጤትም የጤና ዋስትና አይደለም። የልብ ችግርን፣ የአከርካሪ ችግርን፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱ እንደ ሲክል ሴል ያሉ በሽታዎችን መደበኛው ኤንአይፒቲ አያሳይም። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሆነው የተጋቡ፣ ወይም በቤተሰባቸው ተደጋጋሚ የሕፃናት ሞት ያለባቸው ጥንዶች ይህን ለሐኪሙ ቀድመው መንገር አለባቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ምርመራ ሌላ ሊሆን ይችላልና።

የ120 ቀኑ ጉዳይ

ምርመራ ማድረጉ በራሱ ሕክምና ነው፤ ለእናትም ለጽንስም ጥቅም ሲኖረው በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ከባዱ ጥያቄ ከውጤቱ በኋላ የሚመጣው ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የኢብን መስዑድ ሐዲሥ መሠረት ሩሕ የሚነፋው ከሦስት አርባ ቀናት በኋላ መሆኑን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይይዛሉ። ከ120 ቀን በኋላ ጽንስ ማቋረጥ ሐራም ነው፤ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች ለይተው ያዩታል። ከ120 ቀን በፊት ባለው ጊዜ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። በድንበር ማዶ በሱዳን የተስፋፋው የማሊኪ መዝሀብ ዘሩ በማኅፀን ከረጋ ጀምሮ በብዛት ይከለክላል። ከሐነፊዮች ብዙዎቹ በቂ ምክንያት ካለ ይፈቅዳሉ። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች ውስጥም የተለያየ አቋም አለ።

በመካ የሚገኘው የሙስሊም ዓለም ሊግ (ራቢጣ) የፊቅህ ምክር ቤት በረጀብ 1410 ሂጅራ (1990 እ.ኤ.አ.) ባካሄደው 12ኛ ጉባኤው፣ ከ120 ቀን በፊት የታመኑና ብቁ የሆኑ ሐኪሞች ኮሚቴ ጽንሱ ሊታከም የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት እንዳለበት በመሣሪያ ምርመራ ካረጋገጠና ወላጆች ከጠየቁ ማቋረጥ እንደሚቻል ወስኗል። ዳውን ሲንድረም በዚህ መመዘኛ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ግን የተለየ ጥያቄ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ይኖራል፣ ይማራል፣ ቤተሰቡን ይወዳል። ይህን ጉዳይ ከመጽሔትና ከማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ከሚታመን ዓሊም ጋር ፊት ለፊት መወያየት ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት አለ። ሐኪሞች እርግዝናን የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ጽንስ የሚፈጠረው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ 120 ቀን በሐኪም አቆጣጠር 17 ሳምንት ሳይሆን 19 ሳምንት ከአንድ ቀን ገደማ ይሆናል። ዓሊምን ስትጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገሩ ግልጽ አድርጉ።

የአገሪቱ ሕግስ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ ከማያስቀጣባቸው ሁኔታዎች መካከል ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት መሆኑንና የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቁን ይጠቅሳል። ሕጉ አይቀጣም ማለት በሸሪዓ ተፈቅዷል ማለት እንዳልሆነ ሙስሊም አንባቢ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ማንም ሐኪም ወይም ዘመድ እናትን እንድትመረመር ወይም እንድታቋርጥ ሊያስገድዳት አይችልም።

ከአሶሳ ሲታሰብ

አሶሳ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በወለጋ በኩል የሚያልፈው የየብስ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲስተጓጎል የቆየ ነው፤ የአውሮፕላን ጉዞው ደግሞ ወጪ አለው። በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ላቦራቶሪዎች የኤንአይፒቲ ናሙና ተቀብለው ወደ ውጭ አገር ይልካሉ። የእናትና የጽንስ ሕክምና ልዩ ባለሙያዎች ደግሞ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያዋን እናት ጉዳይ በቀን መቁጠሪያ እንየው። አሁን 12ኛ ሳምንት ላይ ናት። ገንዘብና ጉዞ አዘጋጅታ በ13ኛው ሳምንት ደም ብትሰጥ ውጤቱ በ15ኛው ሊደርስ ይችላል። «ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ከተባለች በ16ኛው ሳምንት የእንሽርት ውሃ ይወሰዳል። ሙሉው የክሮሞዞም ውጤት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ስለሚወስድ 18ኛው ወይም 19ኛው ሳምንት ሆነ ማለት ነው፤ ከ120 ቀኑ ደጃፍ ላይ። የ20ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ «ቆይ እስቲ እናስብበት» ብሎ አንድ ወር ማሳለፍ ራሱ ውሳኔ ነው። ምርመራውን የምትፈልግ ቤተሰብ በስምንተኛው ሳምንት መነጋገር መጀመር አለባት።

ማቋረጥ የማንፈልግ ከሆነ ምን ይጠቅመናል?

ይህ የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ ነው። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ የት እንደሚወልድ ያቅዳል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ያሉ ተቋማትን ቀድሞ ይጠይቃል። ልቡንም ያዘጋጃል። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የመሠረቱት ዲቦራ ፋውንዴሽንም ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ልጆች ለመደገፍ የተቋቋመ ነው።

በአንጻሩ «ውጤቱ ምንም ይሁን ልጃችንን እንቀበላለን፤ ወጪውና ጭንቀቱ ይበዛብናል» ብለው የሚተዉ ወላጆችም አላዋቂ ወይም ግዴለሽ አይባሉም። ውሳኔያቸው የተከበረ ነው። የኤንአይፒቲ ወጪ የልጆችን ቀለብ የሚነካ ከሆነ መተዉ ሊሻልም ይችላል።

ሊተው የማይገባው ምርመራ

የዘር ምርመራን መተው ይቻላል፤ የእናትን ክትትል መተው ግን አይቻልም። ከ35 ዓመት በኋላ በአሶሳም ሆነ በባምባሲ ወይም በካማሺ እናትን ይበልጥ የሚያሰጋት የደም ግፊት፣ የእርግዝና ስኳርና በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም ነው። እነዚህ የሚታወቁት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ተቋም ነው።

• ከተቻለ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ፎሊክ አሲድ መውሰድ
• ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ አልትራሳውንድ
• በእያንዳንዱ ቀጠሮ የደም ግፊትና የሽንት ምርመራ፤ ዝቅተኛ መጠን አስፕሪን ያስፈልግ እንደሆነ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሐኪምን መጠየቅ
• ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የስኳር ምርመራ
• ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት ወይም ደም ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ
• መኖሪያዋ ሩቅ ከሆነ ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ መቆየት፤ በሆስፒታል መውለድ

ከመወሰን በፊት

ባልና ሚስት ለብቻቸው ተቀምጠው እነዚህን ይጠያየቁ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን እናደርጋለን? ዓሊማችን ስለዚህ ምን ይላሉ? «ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ብንባል አረጋጋጩን ምርመራ ለማድረግ ፈቃደኞች ነን? ጊዜውና ገንዘቡ ይበቃል? ሳናውቅ መቆየት ይከብደናል ወይስ አውቆ መጠበቅ?

ወደ ሐኪም ስትሄዱ አብራችሁ ሂዱ። እናቲቱ ከአማርኛ ይልቅ ሩጣና ወይም ዐረብኛ የሚቀላት ከሆነ የምታምናት ጎልማሳ ሴት ታስተርጉምላት፤ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያስተረጉምም። ከሹራው በኋላ ኢስቲኻራ ስገዱ። ከዚያም መርመሩም ሆነ መተዉ በአላህ ላይ ተመክታችሁ የወሰናችሁት ይሁን። አላህ ያረገዙ እናቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን።

ወላሁ አዕለም።