ከፋግታ ሬዲዮ እስከ እንጅባራ ማማ፦ አንድ ሞገድ ለብዙ ድምፅ

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» የተባለው የእንግሊዝ ወታደራዊ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረው ዘምተዋል። ቡድኑ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አርበኞች መካከል፣ ዛሬ በአዊ ዞን በሚገኘው ፋግታ ሰፈረ። ዳንግላና እንጅባራ በጣሊያን ጦር እጅ ስለነበሩ፣ ከካርቱም ጋር በፍጥነት መገናኘት የሚቻለው በሬዲዮ ብቻ ነበር።

የዚያ ዘመን የጦር ሜዳ ሬዲዮ ከባድ የበቅሎ ጭነት ነው። መልእክቱ በሞርስ ምልክት ይላካል፤ ሞገዱም ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ሩቅ አገር ይደርሳል። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነበር። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ጣቢያ በአንድ ጊዜ ከላከ አንዱ የሌላውን መልእክት ያበላሻል። ስለዚህ ጣቢያዎች ሰዓት ተቃጥረው ይገናኙ ነበር፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ። የሬዲዮው ሕግ ግን ከጦርነቱ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ያው ሆኖ ቆየ፦ አንድ ፍሪኩዌንሲ፣ አንድ ተናጋሪ።

ይህን ሕግ የለወጠው ዲጂታል ሬዲዮ ነው። አዲስ ሞገድ አልፈጠረም፤ ቀጠሮውን ከሰዓታት ወደ ሰከንድ ሽራፊ አወረደው እንጂ። የመስኖ ውሃ ከአንድ ቦይ ለገበሬዎች በተራ እንደሚለቀቅ ሁሉ፣ አንዱ ፍሪኩዌንሲም ለብዙ ተናጋሪዎች በተራ ይሰጣል።

በ1983 ዓ.ም. በፊንላንድ አገልግሎት የጀመረው ጂ.ኤስ.ኤም. የተሰኘው የሞባይል ሥርዓት 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለውን አንድ ፍሪኩዌንሲ በጊዜ 8 ቦታ ይከፍለዋል። የአንዱ ድርሻ 0.577 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ተራው ዞሮ የሚደርሰው ደግሞ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ነው። ስልኩ ድምፃችንን በ20 ሚሊሰከንድ እየቆራረጠ ወደ ቁጥር ይለውጥና አጭቆ ተራው ሲደርስ ይልከዋል። ተቀባዩ መልሶ ስለሚገጣጥመው ጆሮ ክፍተቱን አይለየውም።

ተራው እንዳይዛነፍ ርቀትም ይታሰባል። ከሞባይል ማማው የራቀ ስልክ ምልክቱ በመንገድ ስለሚዘገይ ቀደም ብሎ እንዲልክ ይታዘዛል። ይህ ማካካሻ በመደበኛው አሠራር እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል፤ ከእንጅባራ ዳንግላ ካለው መንገድ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚያ ያለፈ ስልክ ምልክቱ ቢደርስ እንኳ የጎረቤቱን ተራ ይረግጣል። በሌላ በኩል፣ አንድ ማማ የሚጠቀምበትን ፍሪኩዌንሲ በበቂ ርቀት ላይ ያለ ሌላ ማማ ደግሞ ሊጠቀምበት ይችላል። ጥቂት ፍሪኩዌንሲ ለሰፊ አገር የሚበቃውም ለዚህ ነው።

ይህ ሥርዓት በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያም ወደ ክልሎች ተስፋፋ። በእጅ የሚያዘው የመገናኛ ሬዲዮም አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. በአውሮፓ የወጣው የዲጂታል ሞባይል ሬዲዮ ደረጃ 12.5 ኪሎኸርዝ የሆነውን አንድ መስመር በየ30 ሚሊሰከንዱ እያፈራረቀ ለሁለት ጥሪ ያካፍላል። ከጂ.ኤስ.ኤም. ቀጥሎ የመጣው 3ጂ ተናጋሪዎችን በኮድ ይለያል፤ 4ጂ ደግሞ ጊዜንም ፍሪኩዌንሲንም አንድ ላይ ይሸነሽናል።

ክፍፍሉ ግን ወሰን አለው። በጂ.ኤስ.ኤም. ከስምንቱ ቦታ ቢያንስ አንዱ በማማው የመጀመሪያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ለመቆጣጠሪያ ምልክት ይያዛል፤ ለድምፅ ቢበዛ 7 ይቀራል። ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። በዚያ ሰዓት የስልኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ጥሪ እንቢ ቢል፣ የተሟጠጠው ሞገዱ ሳይሆን ባዶ ተራው ነው።

መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ማማው ላይ ፍሪኩዌንሲ መጨመር፣ ወይም ለበዓሉ ጊዜያዊ ጣቢያ ማቆም። ፍሪኩዌንሲ እንደ መሬት የሕዝብ ሀብት ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ የበዓሉ አዘጋጆች ስለ መንገድና ስለ ማረፊያ ሲመክሩ የቴሌኮም ድርጅቶችንም አስቀድመው ይጥሩ፤ ድርጅቶቹም የበዓሉ ቀን የታወቀ ነውና ከወዲሁ ይዘጋጁ።