የጎጀብ–ሚዛን–ቴፒ የብስክሌት መንገድ

ከጅማ ተነስቶ በቦንጋና በሚዛን ተፈሪ አልፎ ቴፒ የሚደርስ፣ ብስክሌተኛ የኢትዮጵያን የቡና ምድር በራሱ ጉልበት የሚያይበት መንገድ ነው። የተደራጀ የጉብኝት አገልግሎት እስካሁን በሚገባ ባይስፋፋበትም፣ በመልክዓ ምድሩ ከአገሪቱ ምርጥ መስመሮች አንዱ ሊባል ይገባዋል።

ትልቁ ፈተና የጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ነው። ከጅማ ደጋ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ድልድዩ እንደታለፈ ወደ ቦንጋ በሚያወጣ ረጅም አቀበት ይተካል። ወንዙ የኦሞ ገባር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1897 ድረስ የከፋ መንግሥት የሰሜን ወሰን ነበር። ከፋዎች በጥልቅ ጉድባና በተጠበቁ በሮች አገራቸውን ያጥሩ ስለነበር፣ ዛሬ ማንም እንዳሻው የሚሻገረው ሸለቆ በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ አይታለፍም ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩትም በዚያው ዓመት ነው።

ከቦንጋ ወዲያ ጥላው ይበዛል። በዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች፣ የእንሰት ጓሮዎችና በትልልቅ ዛፎች ሥር የበቀለ የዱር ቡና መንገዱን ያጅቡታል። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2010፣ የሸካን በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል።

ከሚዛን ወደ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሸኮ በመካከል ትገኛለች። ቴፒ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቷ ከፍ ይላል። ጊዜ ያለው ደግሞ ከሚዛን ወደ በበቃ ቡና እርሻ ጎራ ቢል መልካም ነው።

አካባቢው ዝናባማ ስለሆነ ለጉዞው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ትርፍ ጎማና የጎማ መጠገኛ ከጅማ ይዞ መነሳት ያስፈልጋል።