ጃፓንንና እስያን ከስልካችሁ ማጥናት፦ የቱ በር ክፍት ነው፣ የቱ ዝግ?

«የጃፓን ጥናት» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አኒሜና ስኮላርሺፕ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል። የአንድን አካባቢ ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ አንድ ላይ ይዞ የሚመረምር ዘርፍ ነው፤ የራሱ ማኅበራት፣ መጽሔቶችና የሰነድ ቋቶች አሉት። እኛን የሚነካን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ የኛ ታሪክ የተወሰነው ክፍል እዚያ ቶኪዮ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። አብዛኛውን ደግሞ በነፃ ማየት ይቻላል።

ከዚሁ እንጀምር። ጃካር ይባላል፣ የጃፓን የእስያ ታሪክ ሰነዶች ማዕከል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ሲሆን በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ነው። ከሜጂ ዘመን ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ያሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የጦር ሠራዊትና የባሕር ኃይል ሰነዶችን ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም።

ለምን እንደሚጠቅመን ላስረዳ። ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በዓመቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁት ዋና መነሻቸው የ1889ኙ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ከኅሩይ ጋር ጃፓን የሄደው ልጅ አርአያ አበበ ደግሞ ጃፓናዊት ሊያገባ ታስቦ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የባላባት ልጅ ታጨች፤ ወሬው የዓለም ጋዜጦችን ካዳረሰ በኋላ ጋብቻው በ1934 ቀረ። ከዚያ ምን ሆነ? ጣሊያን ወረረችን፣ ጃፓንም በ1936 መጨረሻ ወረራውን ተቀበለች፤ በልዋጩ ጣሊያን የማንቹኩዎን ነገር ተቀበለቻት። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በፌስቡክ ሲተርክላችሁ ከማመን ወይም ከመካድ በፊት፣ የጃፓን ዲፕሎማቶች በወቅቱ ምን ይጽፉ እንደነበር ራሳችሁ መፈለግ ትችላላችሁ።

አፈላለጉ ላይ ትንሽ ብልሃት ይጠይቃል። የጃካር ገጽ እንግሊዝኛ አለው፣ የሰነዶቹ ርዕስም ተተርጉሟል። ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ከፈለጋችሁ ብዙ ያመልጣችኋል። ዊኪፒዲያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ገጽ ክፈቱ፣ ቋንቋውን ወደ ጃፓንኛ ቀይሩ፣ የአገራችንን ስም ኮፒ አድርጋችሁ ጃካር ላይ ለጥፉት። ውጤቱ ሌላ ነው። ሰነዱ ራሱ የፎቶ ምስል ስለሆነ ዳታ ይበላል፤ ዋይፋይ ስታገኙ ይሻላል። የታተመውን ጽሑፍ የስልክ ተርጓሚ በመጠኑ ያነበዋል፣ የድሮው የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይቸገራል።

ሁለተኛው ጄ-ስቴጅ ነው፣ የጃፓን የምርምር መጽሔቶች የሚወጡበት። እዚያ «ናይሎ ኢትዮፒያን ስተዲስ» የሚል የእንግሊዝኛ መጽሔት አለ፤ የሚያሳትመው በ1992 የተቋቋመ የጃፓን ማኅበር ሲሆን ሥራው ኢትዮጵያንና የአባይን አካባቢ ማጥናት ነው። አዎ፣ ለዚህ ብቻ የቆመ ማኅበር አላቸው! ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲም ከ1981 ጀምሮ «አፍሪካን ስተዲ ሞኖግራፍስ»ን ያወጣል፤ ጽሑፎቹ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ በነፃ ይወርዳሉ። የአሪ ገበሬዎች የእንሰት ዝርያዎችን እንዴት ለይተው እንደሚጠብቁ ያጠናው ማሳዮሺ ሺጌታ ከዚያ ቤት ነው። ቦዲዎች የከብቶቻቸውን ቀለምና ጥለት እንዴት እንደሚሰይሙ ያጠናው ካትሱዮሺ ፉኩይም ጃፓናዊ ነው። 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1997 የተካሄደው ኪዮቶ መሆኑ አይገርምም።

ወደ ትልልቆቹ ማኅበራት ስንመጣ በሩ ጠበብ ይላል። የአሜሪካው የእስያ ጥናት ማኅበር በ1941 የተመሠረተ ነው፤ መጽሔቱን ማንበብና አባል መሆን ያስከፍላል። ለመምህራን የሚያወጣው «ኤዱኬሽን አባውት ኤዥያ» ግን በነፃ ይነበባል፣ ቋንቋውም ቀለል ያለ ነው፤ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። በአውሮፓ የጃፓን ጥናት ማኅበር ከ1973 ጀምሮ አለ፣ ትልቁን ጉባኤውን በየሦስት ዓመቱ ያካሂዳል። ላይደን፣ ኔዘርላንድ ያለው የእስያ ጥናት ተቋም የሚያወጣው «ዘ ኒውስሌተር» በነፃ ነው። አፍሪካም ውስጥ እስያን የሚያጠኑ ምሁራን የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ በ2015 አክራ፣ በ2018 ዳሬ ሰላም ተሰብስበዋል።

አንድ ጽሑፍ ከተቆለፈ ገንዘብ ለመክፈል አትቸኩሉ። ጄስቶር ላይ በነፃ አካውንት በወር የተወሰኑ ጽሑፎችን ኦንላይን ማንበብ ይቻላል፤ ከ1938 ጀምሮ ቶኪዮ የሚታተመው «ሞኑሜንታ ኒፖኒካ»ም እዚያ አለ። ካልሆነ የጽሑፉን ርዕስ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ያስቀመጠው ቅጂ ይገኛል። ለጸሐፊው በኢሜይል አጭርና ጨዋ መልእክት መላክም የተለመደ ነው፣ ነውር የለውም።

ጃፓንኛ ለጀመራችሁ ደግሞ «አኦዞራ ቡንኮ» አለ። ከ1997 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የቅጂ መብታቸው ያበቃ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን እየተየቡ የሚያስቀምጡበት ነው። ጃፓን በ2018 መጨረሻ የቅጂ መብትን ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ከ50 ወደ 70 ዓመት ስላራዘመችው እስከ 2039 አዲስ ደራሲ በዚህ መንገድ ነፃ አይሆንም፤ ያለው ራሱ ግን አንብባችሁ አትጨርሱትም። እዚያ ለመድረስ ገና ከሆናችሁ የጃፓን ፋውንዴሽን «ኢሮዶሪ» የተባለውን መማሪያ በፒዲኤፍና በድምፅ በነፃ አስቀምጧል። ፒዲኤፉን አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክም ይሠራል።