ከጨረጨራ እስከ ጢስ ዓባይ

ስለ ጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፏፏቴውና ስለ ተርባይኖቹ ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፥ በሐይቁ በርና በማመንጫው መካከል ያለውን የመነጋገር ጉዳይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማመንጫው በ1964 ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 11.4 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበረ። በዚያን ዘመን ከጣና የሚወጣውን ውሃ የሚዘጋና የሚከፍት ስላልነበረ፥ የተርባይኑ ጠባቂ ዓባይ የሰጠውን ይቀበል ነበር እንጂ ውሃ የሚጠይቀው ወገን አልነበረውም። የጨረጨራ ግድብ በሐይቁ መውጫ ተሠርቶ በ1996 ሁለት መዝጊያዎች፥ በ2001 ደግሞ አምስት ተጨማሪ ሲጠናቀቁ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚያው በ2001 ከ70 ሜጋዋት በላይ ያለው ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ መዝጊያው ባሕር ዳር አጠገብ፥ ተርባይኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ነው፤ ውሃውም በመካከሉ ሰዓታት ይጓዛል። ስለዚህ ቃል ከውሃው ቀድሞ መድረስ አለበት።

መነጋገሪያ ሬዲዮ የተፈለገው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። በ1928 በአሜሪካ የዲትሮይት ፖሊስ መኪናዎች ትእዛዝ መስማት እንጂ መመለስ አይችሉም ነበር፤ በ1933 የቤዮን ከተማ ፖሊስ ከመኪና ሆኖ መመለስን ጀመረ። በእኛ አስተያየት ትልቁ እርምጃ ይህ መልስ ነው። የተላከ ትእዛዝ ሁሉ የተሰማ ትእዛዝ አይደለምና። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፥ «ተቀበል» ሲባል ተራው ይዞራል፤ አድማጩም የሰማውን መልሶ ይናገራል። ምሰሶ ላይ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሕይወቱ በዚህች ድግም ቃል ላይ ነው፤ መስመሩ መቋረጡን ሳያረጋግጥ ሽቦ አይነካምና። ችግሩ የእጅ ሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ያግደዋል፤ ስለዚህም ከፍ ባለ ስፍራ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ይተከላል።

ነገር ግን መነጋገሩ በማመንጫውና በመዝጊያው መካከል ብቻ ከሆነ፥ ሌላው የሐይቁ ሰው ከወሬው ውጭ ይቀራል። በ2003 ዝናቡ ባነሰበትና ለኃይል ብዙ ውሃ በተለቀቀበት ጊዜ፥ የጣና ከፍታ መርከቦች ሊንቀሳቀሱበት ከሚችሉት ከ1785 ሜትር በታች ወረደ፤ መርከቦቹም ለአራት ወራት ያህል ቆሙ። ለደሴትና ለዳርቻ ሰዎች የመርከብ መቆም የመንገድ መዘጋት ነው። በመዝጊያዎቹ ላይ ሥልጣን የነበረው ኃይል አመንጪው መሥሪያ ቤት ስለሆነ፥ ባለ መርከቡም ባለ ታንኳውም ነገሩን ያወቁት ውሃው ሲሸሻቸው ይመስለናል።

በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት ይዞ ሲከፈት፥ ውሃው በሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሐይቅ በሁለት በር ይቀዳል፤ ሁለቱ በር ጠባቂዎችም በመካከላቸው የሐይቁ ስፋት አለ።