ሙዚቃ የሚያርፍበት ቦታ
የካደንስ ሕግ ከዳይስ ጨዋታ እስከ ኮምፒዩተር

በ1790ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር የታተመ አንድ የሙዚቃ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ኖታ ጽፎ የማያውቀውን ሰው ሁሉ የዋልዝ ደራሲ አደርጋለሁ ይል ነበር። ተጫዋቹ ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ የወጡትን ነጥቦች ይደምራል፤ ድምሩ በሰንጠረዡ ላይ የሚያመለክተውን ቁጥር ተከትሎ አስቀድመው ከተደረሱት ቁርጥራጭ ዜማዎች አንዱን ይመርጣል። ይህን አሥራ ስድስት ጊዜ ሲደጋግም አሥራ ስድስት ሜዠር ያለው ሙሉ ዋልዝ ይወጣለታል። አሳታሚዎቹ የሞዛርትን ስም ለጥፈውበታል፤ እርሱ ለመድረሱ ግን ማረጋገጫ አልተገኘም። ሞዛርት በ1791 ስላረፈ «የእኔ አይደለም» ለማለት አልታደለም።

የሁለት ዳይስ ድምር ከ2 እስከ 12 ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሜዠር 11 ምርጫ አለ። ይሁን እንጂ ሰንጠረዡን በጥሞና የመረመረ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። በስምንተኛው ሜዠር ዳይሱ ምንም ቢወጣ የሚገኘው ዜማ አንድና ያው ነው። በመጨረሻው በአሥራ ስድስተኛው ደግሞ ያለው ልዩነት ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሊገኙ የሚችሉት ዋልዞች ቁጥር 759,499,667,166,482 ይሆናል። ቁጥሩ የትየለሌ ቢሆንም፣ ዕድል በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ እንዳይገባ በሩ ተዘግቶበታል። ምክንያቱም ስምንተኛውና አሥራ ስድስተኛው ሜዠር ዜማው የሚያርፍባቸው ቦታዎች በመሆናቸው ነው።

ይህ ማረፊያ በሙዚቃ ትምህርት ካደንስ ይባላል። ለዜማ የሚሰጠው አገልግሎት ሥርዓተ ነጥብ ለጽሕፈት ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል፤ አንዳንዱ ካደንስ እንደ ድርብ ሰረዝ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያሳርፋል፤ አንዳንዱ እንደ አራት ነጥብ ይዘጋል። በአውሮፓ ሙዚቃ አራት ነጥብ የሚሆነው ከአምስተኛው ኮርድ ወደ አንደኛው የሚደረገው ጉዞ ነው። ቅኝቱ ከዶ የሚነሣ ከሆነ ሶል፣ ሲና ሬ በአንድነት ይሰማሉ፤ ዶ፣ ሚና ሶል ይከተላሉ። የጉዞው ምሥጢር ያለው በሲ ላይ ነው። ሲ ከዶ የምትርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ሙዚቃ ያደገ ጆሮ ዶን ሳይሰማ አያርፍም።

ፈረንሳዊው ዣን ፊሊፕ ራሞ በ1722 ባሳተመው የሀርመኒ መጽሐፍ ይህን ጉዞ የሥርዓቱ ሁሉ መሠረት አደረገው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ቬበር ኮርዶችን በሮማውያን ቁጥር መጻፍን አስፋፋ፤ ትልቁ ፊደል ለሜጀር፣ ትንሹ ለማይነር። የካደንስ ሕግ በዚህ መንገድ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ተለውጦ ነበርና፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ ሥራው ግማሽ ያህል ተጠናቅቆ ቆየው ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ የተደረገው በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለጃረን ሂለር በሙያው ኬሚስት ሲሆን ሙዚቃም ተምሯል። የትልልቅ ሞለኪውሎችን ቅርጽ ለማስላት ኢሊያክ በተባለው የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ይጠቀም ነበር። የስሌቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ማሽኑ በዕጣ አንድ እርምጃ ይመርጣል፤ እርምጃው ሕግን የሚጥስ ከሆነ ይጥለውና ሌላ ይሞክራል። ሂለር ይህንኑ ዘዴ ከሞለኪውል ወደ ኖታ አዛወረው። ከሥራ ባልደረባው ከሌናርድ አይዛክሰን ጋር በመሆን በ1725 ዮሐን ዮሴፍ ፉክስ ከጻፈው መጽሐፍ ጀምሮ ለተማሪዎች ሲሰጡ የኖሩትን የዜማ ማጣመር ሕግጋት ለማሽኑ አስገባ። ዜማው ከዶ ተነሥቶ በዶ እንዲያርፍ አዘዘው።

ኢሊያክ ድምፅ አላወጣም። ያወጣው በወረቀት ላይ የታተሙ ፊደላትና ቁጥሮች ነበር፤ ወደ ኖታ የመለሷቸው ሰዎች ናቸው፤ የተጫወቷቸውም አራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በነሐሴ 1956 ለሕዝብ ተሰሙ፤ በ1957 አራተኛው ተጨምሮ «ኢሊያክ ስዊት» የተባለው ድርሰት ተጠናቀቀ። ብዙ ሙዚቀኞች ነገሩን በበጎ አልተቀበሉትም። ድርሰቱን ዛሬ የሚያዳምጥ ሰው ግን የሚያስደነግጥ ነገር አያገኝበትም። ሕጉን ጠብቆ የሚሄድ፣ በሥርዓት የሚያርፍ፣ በመነሻውና በማረፊያው መካከል ግን ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ መንገደኛ ይመስላል።

በ1980ዎቹ ቱርካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ከማል ኤብጂዮሉ ይህን ጉድለት ለመሙላት በመነሣት የባኽን የመዝሙር አሠራር ወደ 350 ያህል ሕጎች ዘርዝሮ «ኮራል» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። በ2008 ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በማይክል ካትበርት መሪነት «ሚዩዚክ ትዌንቲ ዋን» የተባለው ነጻ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች እንዳለ ወስደው የሚጠቀሙበት የትእዛዛት ስብስብ፣ ተጀመረ። ለእርሱ ካደንስ መሥራት የሁለት መስመር ጉዳይ ነው። ተጠቃሚው የቅኝቱን መነሻ ይነግረዋል፤ በሮማውያን ቁጥር አምስትን፣ ከዚያም አንድን ይጽፋል፤ ላይብረሪው ሶል፣ ሲ፣ ሬን፣ ቀጥሎም ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ይሰጠዋል። በማይነር ቅኝትም ቢሆን አምስቱ በትልቅ ፊደል ከተጻፈ መካከለኛውን ድምፅ በግማሽ ከፍ አድርጎ ሜጀር ያደርገዋል። የቬበር አጻጻፍ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የማሽን ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለትዝታ ሲታዘዝ ግን ችግር ይፈጠራል። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው። ፋ የለም፤ ሲም የለም። የካደንሱን ጉዞ የምትገፋው ያቺ ሲ ከቅኝቱ ውጭ ናት። ከአምስቱ ድምፆች ሊወጡ የሚችሉት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አንዱ፤ ላ፣ ዶ፣ ሚ ሌላው። ላይብረሪው ይህን አይጠይቅም። አምስተኛውን ኮርድ ከታዘዘ ሲን ያስገባል፤ ዜማውም በአንድ ጊዜ የሌላ አገር ዜማ ይሆናል።

ችግሩን ያመጣው ኮምፒዩተር አይደለም። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሠራው ነርሲስ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ዜማዎች ለዘመናዊ መሣሪያዎች ሲያቀናብር በወረቀትና በእርሳስ ተጋፍጦታል። ሙላቱ አስታጥቄም አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ሲያዋህድ ከሁሉ የከበደው የቅኝቱን ጠባይ ሳያጠፉ መሥራት እንደነበር ደጋግሞ ገልጿል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ አምስተኛውን ኮርድ መካከሉን ባዶ አድርጎ መተው ነው። ሶልና ሬ ብቻቸውን ሲሰሙ ሁለቱም የትዝታ ልጆች ስለሆኑ ዜማው ሳይናወጥ ወደ ዶ ይመለሳል፤ አመላለሱ ግን ከአውሮፓው የለዘበ ነው፤ የሚጎትተው ግማሽ ድምፅ የለምና። ላይብረሪውም ቢሆን ይህን ያውቅበታል፤ ከሮማውያኑ አምስት አጠገብ «ሦስተኛዋ ትቅር» የሚል አጭር ምልክት ሲጨመርለት ሲን ይተዋታል። ምልክቷ ካልተጻፈች ግን ሲ ትገባለች።