ከመሰንቆ አንገት እስከ ብራውዘር ገጽ፤ የድምፅ መሣሪያ ፊት ታሪካዊ ጉዞ

ከወልድያ ተነሥቶ የሐብሩን ወረዳ በመርሳ በኩል አቋርጦ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌ ሲደርስ የአምባሰልን ምድር ይረግጣል። አምባሰል የተራራ ስም ነው፤ የወረዳም ስም ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የቅኝት ስም ነው። በሙዚቃችን ውስጥ ዐበይት ተብለው ከሚቆጠሩት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ የወሎ ምድር ስሞች ናቸው። ሕዝብ የኖረበትን መሬት ስም ለድምፅ ሥርዓት ሲያወርስ፣ ያ ሥርዓት ከኑሮው ጋር የተሳሰረ ንብረቱ መሆኑን ማስመስከሩ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። የድምፅ መሥሪያው ኮምፒዩተር በሆነበት በዚህ ዘመን የመሣሪያውን ፊት የሚነድፈው ማን ነው? የሚነድፈውስ በማን ቅኝት ነው?

ማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ድምፁ የሚፈጠርበት አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተጫዋቹ እጅ የሚያርፍበት ፊት ነው። መሰንቆን ብንወስድ፣ ቆዳ የለበሰው ሣጥኑና ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንድ አውታሩ አካሉ ናቸው፤ ፊቱ ደግሞ አንዳች ምልክት ያልተሰመረበት አንገቱ ነው። አዝማሪው ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮውን ተከትሎ እንጂ የተቀረጸ መስመር ተከትሎ አይደለም። ክራርም እንደዚሁ ነው፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ሲሻ ክሮቹን ያጠብቃል ወይም ያላላል። «ቅኝት» የሚለው ቃል ራሱ «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ በእኛ ዘንድ የድምፅ ሥርዓት በሰው እጅና ጆሮ በየጊዜው የሚሠራ ነገር መሆኑን ይነግረናል።

ፋብሪካ ያመረተው ኪቦርድ ግን ሌላ ፊት ይዞ መጣ። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ተብሎ ይለካል፤ ኪቦርዱ ይህን መጠን 100፣ 100 ሴንት ወዳላቸው 12 እኩል ክፍሎች ይቆራርጠዋል። በዚህ መለኪያ አምባሰል ከመነሻው ድምፅ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ግማሽ ድምፅ ርቀው በሚገኙ ቁልፎች ይወከላል፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ በ1፣ በ5፣ በ6 እና በ9። ይህ አጻጻፍ ለትምህርትና ለቡድን ጨዋታ ጠቅሟል። ሆኖም የመሰንቆ ተጫዋች ጣት የሚያርፍበት ቦታ የግድ ለ100 የሚካፈል አይደለም። ቁልፉ የማያውቀውን ድምፅ ተጫዋቹ ሊያወጣው አይችልም፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሰማ ድምፅም ውሎ አድሮ ከጆሮ ይጠፋል። ስለዚህ የመሣሪያ ፊት ጉዳይ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቅርስ ጉዳይ ነው።

ወደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ስንዘልቅ አገራችን ከዳር ቆማ ስትመለከት እንዳልኖረች እንረዳለን። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀርጾ፣ ቅጂውን በስቱዲዮ እየለወጠ አንድ ድርሰት ሠራ። ሥራው በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ዛር ደግሞ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ቃል አይደለም። ይኸው ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 መሰንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረት ዋና ተሳታፊ ሆነ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ማክስ ማቲውስ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ «ሚውዚክ» የተሰኘውን ፕሮግራም ጽፎ ኮምፒዩተርን በቁጥር ትእዛዝ ሙዚቃ አሰምቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን የሚያነጋግረው ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ ወጣ። በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበው የያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር ፊቱ በአነስተኛ አዝራሮች የተሞላ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን ከእንዲህ ዓይነት ሲንተሳይዘሮች ጋር አጣምሮ የአገሩን ዜማ ተጫወተ። ሙላቱ አስታጥቄም ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ በሐርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. በነበረበት ጊዜ የባህል መሣሪያዎችን፣ በተለይም ክራርን፣ ስለ ማዘመን ሠርቷል። የእነዚህ የኪነት ሰዎች ጥረት የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ባዕድ መሣሪያ ለአገር ዜማ ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን ፊቱን ሌላው ስለ ነደፈው ትእዛዙ ሁልጊዜ በድካም ነው።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከብረት ወደ ሶፍትዌር ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቪ.ኤስ.ቲ. የተሰኘውን ሥርዓት ሲያወጣ፣ ሲንተሳይዘሩም ሆነ የድምፅ ማጣሪያው በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የተሳለ ምስል ወደ መሆን አመራ። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከባድ የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅና ለየኮምፒዩተሩ ዓይነት ለየብቻ ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር። የመስኮቱም ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነበር።

ለውጡ ካልታሰበ አቅጣጫ መጣ። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን አቅርቦ በ1990 የመጀመሪያውን ብራውዘር ሲሠራ፣ ዓላማው የሳይንስ ሰዎች ሰነድ እንዲለዋወጡ እንጂ ሙዚቃ እንዲጫወቱ አልነበረም። ከሃያ ዓመታት በኋላ ግን የጎግሉ ክሪስ ሮጀርስ ያዘጋጀው ዌብ ኦዲዮ የተሰኘ የአሠራር ደንብ የመጀመሪያ ረቂቅ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በዓለም አቀፉ የድር ጉባኤ በኩል ይፋ ሆነ። በግንቦት 2012 ጎግል የሲንተሳይዘር ሠሪውን የሮበርት ሙግን የልደት ቀን ምክንያት በማድረግ በፍለጋ ገጹ ላይ የሚሠራ ሲንተሳይዘር አኖረ። ምንም ነገር ሳይጭን ቁልፉን የነካ ሁሉ ድምፅ አወጣ።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ የሐብሩ አርሶ አደር ውሃን ከወንዝ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው የሚመራበትን ዘዴ ማሰብ ይበቃል። ምንጩ ድምፅ አመንጪው ነው፤ ቦዮቹ ድምፁን የሚያጣሩ፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ክፍሎች ናቸው፤ ማሳው የድምፅ ማጉያው ነው። ጸሐፊው እያንዳንዱን ክፍል በጥቂት የጃቫስክሪፕት መስመሮች ያገናኛል። ፊቱን ደግሞ ማንኛውም ድረ ገጽ በሚሠራበት ቋንቋ ይስለዋል።

መጀመሪያ ላይ ከባድ ጉድለት ነበረ። ባለሙያው በራሱ ቀመር ድምፅ ልፍጠር ሲል፣ ፊቱን የሚስለውና ድምፁን የሚያሰላው የብራውዘሩ ሠራተኛ አንድ ስለ ነበር፣ አዝማሪው እየተጫወተ ጠጅም እንዲቀዳ የታዘዘ ያህል ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በክሮም ብራውዘር ሥራ ላይ የዋለው ኦዲዮ ወርክሌት ሁለቱን ሥራዎች ለያያቸው። ድምፁ በ128 ናሙናዎች እየተከፈለ ለብቻው ይሰላል፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ መሣሪያ አንዱ ክፍል ወደ 3 ሺህኛ ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ደንቡም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ሙሉ ዕውቅና አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ጁስ የተሰኘው የድምፅ ሶፍትዌር መሥሪያ በስምንተኛ ዕትሙ የስቱዲዮ መሣሪያዎች ፊት በብራውዘር ጥበብ እንዲሠራ መንገድ ከፈተ። ለማንበቢያ የተፈጠረው ገጽ የስቱዲዮ መሣሪያ ፊት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ያለው ፋይዳ በሁለት ነገር ይገለጻል። አንደኛው የድምፁ ነፃነት ነው። በብራውዘር የሚሠራ ድምፅ አመንጪ የሚቀበለው የቁልፍ ስም ሳይሆን የድግግሞሽ ቁጥር ነው፤ 440ም ይሁን 437.3 ለእርሱ አንድ ነው። የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ያረፈበት ቦታ ተለክቶ ሊሰጠው ይችላል። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ በ2005 ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ሌሎችም ያሉባቸው 10 የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ስለሆነም ከቅዱስ ያሬድ ስም ጋር ተያይዘው የኖሩት ምልክቶችና «አምባሰል» የሚለው ጽሑፍ በአንድ የመሣሪያ ፊት ላይ በገዛ ፊደላቸው ሊቀመጡ ይችላሉ። የወልድያ ወይም የመርሳ የሙዚቃ መምህር ጽሑፍ ማዘጋጃና ብራውዘር ካለው፣ ፋብሪካ ሳይጠይቅ የቅኝት ማስተማሪያ መሣሪያ መሥራት ይችላል።

ነገሩ ከችግር የጸዳ ነው ማለት ግን አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት የጦርነት ወራት ወልድያ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ቆይታለች። መስመር በተቋረጠ ጊዜ የሚሞት መሣሪያ የሕዝብ መሣሪያ ሊሆን አይችልም። ደግነቱ ድረ ገጽ የፋይሎች ስብስብ በመሆኑ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ የሠሪው ግዴታ ነው። ብራውዘሮቹንም ቢሆን የሚሠሯቸው ጥቂት ታላላቅ ድርጅቶች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን ከእኛ ከራሳችን ሊመጣ የሚችለው ነው። የኪቦርዱን 12 ቁልፎች ገልብጠን በአማርኛ ስም ብንጠራቸው፣ የተለወጠው ጽሑፉ እንጂ ቅኝቱ አይደለም። ከዚያም አልፎ ልጆቻችን ያንኑ የተስተካከለ ድምፅ «አምባሰል ይህ ነው» ብለው ይማሩታል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ መሆን አለበት። መጀመሪያ በየመንደሩ ያሉ አረጋውያን የመሰንቆና የክራር ተጫዋቾች ይቀረጹ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ይለካ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለውም ልዩነት እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ሀብት ይመዝገብ፤ የመሣሪያው ፊት መነደፍ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ንድፉም ሲያልቅ ተመልሶ ወደ ተጫዋቹ ሄዶ በጆሮው ይፈተን።

አዝማሪው ምልክት በሌለው አንገት ላይ ጣቱን በትክክል የሚያሳርፈው በጆሮው ስለሚተማመን ነው። ዛሬ በመምህራን፣ በኪነት ሰዎችና በባህል ሠራተኞች ፊት የተዘረጋው ባዶ ገጽም ያንኑ መተማመን ይጠይቃል። ገጹን እኛ ካልሞላነው ሌላው በራሱ ቅኝት ይሞላዋል።